የገመድ ዘፈን፣ የአካፋ ዘፈን፦ የፖግስ የመጀመሪያ አልበም ከምን ተሠራ?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1984 ስቲፍ ሪከርድስ የተባለው የለንደን የሙዚቃ አሳታሚ «ሬድ ሮዝስ ፎር ሚ» የሚል ርእስ ያለው አልበም ለገበያ አቀረበ። ባንዱ ዘ ፖግስ ይባላል፤ ከሁለት ዓመት በፊት በለንደን የኪንግስ ክሮስ ሰፈር የተሰባሰቡ ወጣቶች ያቋቋሙት ነበር። አልበሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስተውለው ፍጥነቱንና ጩኸቱን ነው፤ ባንጆው ይንጣጣል፣ አኮርዲዮኑ ያለ ዕረፍት ይነፋል፣ ድምፃዊው ቃላቱን እየዋጠ ይጮኻል። በዚህ የተነሣ ብዙ አድማጭ 13ቱንም ትራኮች የመጠጥ ቤት ሁካታ አድርጎ ይወስዳቸዋል።

እንዲህ የሚያልፋቸው አድማጭ ትልቁ ነገር ያመልጠዋል። በአልበሙ ውስጥ ዕድሜያቸውም፣ የተፈጠሩበት ምክንያትም ፈጽሞ የተለያየ ዘፈኖች አሉ፦ መርከበኞች ያዜሟቸው፣ የባቡር ሐዲድ ቆፋሪዎች የዘፈኗቸው፣ የደብሊን ድሆች የተቀባበሏቸው፣ ከእነዚህም ጎን ድምፃዊው ሼን ማክጋዋን ስለ ሰማንያዎቹ ለንደን የጻፋቸው አዳዲስ ግጥሞች ይገኛሉ። እኔ እንደምረዳው ሁሉንም የሚያስተሳስራቸው የሥራ ጉዳይ ነው። በድሮዎቹ ዘፈኖች ሥራ ሰውን እስከ ሞት ያደክመዋል፤ በአዲሶቹ ደግሞ ሥራው ራሱ ጠፍቷል። ይህን በግልጽ ለማየት እያንዳንዱ ዓይነት ዘፈን መጀመሪያ ለምን አገልግሎት እንደዋለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከባሕሩ እንጀምር። ሻንቲ የሚባለው ዘፈን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የንግድ መርከቦች ላይ ከገመዱና ከመዘውሩ ጋር የሚቆጠር የሥራ መሣሪያ ነበር ማለት ይቻላል። የሸራ መርከብ የሚሄደው በነፋስ ነው፤ ሸራው የሚወጣውና የሚወርደው ግን በሰው ጉልበት ነበር። ሸራውን የሚሸከመው አግዳሚ ግንድ እጅግ ከባድ ስለሆነ፣ ብዙ ሰዎች አንዱን ገመድ ይዘው በየራሳቸው ጊዜ ቢጎትቱት አይነቃነቅም፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት መሳብ አለባቸው። ያንን ቅጽበት የሚሰጣቸው ዘፈኑ ነበር። ሻንቲማን የሚሉት አውጪ አንድ ስንኝ ብቻውን ይላል፤ በዚያ ጊዜ ሌሎቹ ትንፋሽ ይሰበስባሉ፣ እጃቸውንም ገመዱ ላይ ያስተካክላሉ፤ ከዚያም አዝማቹን ሲቀበሉ፣ ሁሉም በሚያውቋቸው ቃላት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይስባሉ። እንደገና ስንኝ፣ እንደገና ትንፋሽ፣ እንደገና ስበት፤ ግንዱ ቦታው እስኪደርስ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። በደቦ አጨዳ ላይ አውጪው ግጥሙን ሲሰጥ አጫጆቹ እየተቀበሉ ማጭዳቸውን እኩል ሲያሳርፉ ያየ ሰው አሠራሩ ወዲያው ይገባዋል።

ሥራው ሲለያይ ዜማውም ይለያያል። መልሕቅ የሚነሣው ካፕስታን በሚባል የቆመ መዘውር ነው፤ ሰዎቹ በመዘውሩ ላይ የተሰኩትን እንጨቶች በደረታቸው እየገፉ ዙሪያውን ይዞራሉ። እዚህ ላይ ድንገተኛ ስበት የለም፣ የማያቋርጥ እርምጃ ነው የሚያስፈልገው፤ ስለዚህ የካፕስታን ሻንቲ እንደ ሰልፍ ዜማ የተስተካከለ ምትና ረዥም አዝማች አለው። ሥራው ሲረዝም አውጪው የሚያውቀው ግጥም ቢያልቅበት እዚያው እየፈጠረ ይቀጥላል፣ ባልደረቦቹን፣ ወደቡን፣ አንዳንዴም መኮንኖቹን እያነሣ። የእንጨት መርከብ ውኃ ስለሚያስገባ በፓምፕ መቀዳት ነበረበት፤ ለዚያ ሥራም የራሱ ዘፈኖች ነበሩት። መርከበኛው ፊት ለፊት ሊናገረው የማይደፍረውን ቅሬታ፣ ስለ ምግቡም ሆነ ስለ ክፍያው፣ በዘፈን መልክ ሲሆን ሊያሰማው ይችል ነበር።

ይህ የዘፈን ዓይነት በንግድ መርከቦች ላይ የጎለመሰበት ምክንያት አለው። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦች ላይ ሠራተኛው ብዙ፣ ሥርዓቱም ጥብቅ ስለነበረ በሥራ ጊዜ እንዲህ መዝፈን አይፈቀድም ነበር። የንግድ መርከብ ባለቤት ግን ትርፉን የሚያሰላው ጥቂት ሰው ቀጥሮ ብዙ ሥራ በማሠራት ነው፤ የጎደለውን ሰው ቁጥር የሚያካክሰው ደግሞ የጉልበቱ መተባበር ነበር። ጥሩ አውጪ እንደ ተጨማሪ ሰው ይቆጠር የነበረው በዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ሻንቲን የባሕር ናፍቆት አድርጎ ብቻ መስማት ልክ አይመስለኝም፤ በዜማው ውስጥ የጉልበት ዋጋ ስሌት አለ።

ሻንቲን የእንግሊዞችና የአይሪሾች ሀብት ብቻ አድርጎ ማቅረብም የተለመደ ጉድለት ነው። በካሪቢያን ደሴቶችና በአሜሪካ ደቡብ ወደቦች ይሠሩ የነበሩ ጥቁር ሠራተኞች በዚህ ቅርጽ ላይ ያላቸው ድርሻ ከፍተኛ ነው። በሞቢልና በኒው ኦርሊንስ ጫኚዎች የጥጥ እስሮችን በትልልቅ የብረት ብሎን እየጨመቁ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ሲያጭቁ በአውጪና በተቀባይ ይዘፍኑ ነበር፤ ክረምቱን በዚያው ሥራ የሚያሳልፉ ነጭ መርከበኞችም ዘፈኖቹን ተምረው ባሕር ላይ ይዘዋቸው ወጡ። ኋላ የእንፋሎት ሞተር ሸራውን ሲተካ ዘፈኑ የሚሠራው ሥራ አጣ። በሸራ መርከብ ላይ በእርግጥ ሻንቲ ያወጡ ከነበሩት የመጨረሻዎቹ ሰዎች አንዱ የሆነው ስታን ሁጊል የሠራባት ጋርዝፑል የምትባል መርከብ በ1929 በኬፕ ቨርዴ አጠገብ ተሰብራ ቀረች፤ እርሱም በ1961 ሰፊ የሻንቲ ስብስብ አሳትሞ በ1992 ዐረፈ። ስለዚህ ፖግስ አልበማቸውን በሚቀርጹበት ጊዜ ዘፈኖቹ በመርከብ ላይ ይዘፈኑበት የነበረውን ዘመን ያየ ሰው ገና በሕይወት ነበረ።

አሁን ወደ አልበሙ እንመለስ። ከትራኮቹ አንዱ ርእሱ ራሱ «ሲ ሻንቲ» ነው፤ ነገር ግን ከላይ በተገለጸው መንገድ ሻንቲ አይደለም። ማክጋዋን የጻፈው አዲስ ዘፈን ሲሆን፣ ከባሕሩ የተዋሰው ስሙንና መንገዋለሉን ነው፤ በእርሱ ገመድ መሳብ አይቻልም። ከእርሱ ይልቅ ትኩረት የሚገባው «ግሪንላንድ ዌል ፊሸሪስ» የተባለው የዓሣ ነባሪ አዳኞች ዘፈን ነው። ይህም ቢሆን የሥራ ዘፈን ሳይሆን የዕረፍት ዘፈን ነው፤ መርከበኞች ከሥራ በኋላ ተቀምጠው ታሪክ የሚተርኩበት ዓይነት ሲሆን፣ ቢያንስ ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲዘፈን ኖሯል። ታሪኩ አጭር ነው። መርከቧ ወደ ግሪንላንድ ትሄዳለች፣ ጠባቂው ዓሣ ነባሪ ያያል፣ ጀልባዎቹ ይወርዳሉ፣ ጦሩ ይወረወራል፤ ዓሣ ነባሪው በጅራቱ መትቶ ጀልባዋን ይገለብጣታል፣ ሰዎቹ ይሰጥማሉ፣ ዓሣ ነባሪውም ያመልጣል።

በዚህ ዘፈን ውስጥ ቆም ብሎ ሊታይ የሚገባው የካፒቴኑ ሐዘን ነው። ዘፈኑ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ በሁለት መንገድ ተዘፍኗል። በአንደኛው ካፒቴኑ ዓሣ ነባሪው ማምለጡ ያሳዝነዋል፣ የሰዎቹ ሞት ግን አሥር እጥፍ ይከብደዋል። በሌላኛው ነገሩ ይገለበጣል፤ የሰዎቹ ሞት ያሳዝነዋል፣ የዓሣ ነባሪው ማምለጥ ግን አሥር እጥፍ ያንገበግበዋል። የተለወጠው የሁለት ስሞች ቅደም ተከተል ብቻ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ለውጥ ካፒቴኑ ከአዛኝ አባትነት ወደ ሒሳብ ሠራተኝነት ይሸጋገራል። አንድ ዓሣ ነባሪ ማለት ለከተማ መብራት የሚሆን ብዙ በርሜል ዘይት ነው፤ ከግሪንላንድ የሚመለሱ የእንግሊዝ መርከበኞችም ከደመወዛቸው በላይ በመጣው ዘይት መጠን የሚታሰብ ክፍያ ስለነበራቸው፣ ባዶ እጅ መመለስ ለካፒቴኑ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ኪሳራ ነበር። ሁለቱን አገላለጾች ጎን ለጎን ይዘው የኖሩት ዘፋኞች፣ የሰው ነፍስና የዘይት ዋጋ በአንድ ሚዛን ላይ የሚቀመጡበት ሥራ ውስጥ እንደነበሩ በሚገባ ያውቁ ነበር። እኔ ሁለተኛውን አገላለጽ እመርጣለሁ፤ የበለጠ እውነት የያዘ ይመስለኛል።

ከባሕሩ ወደ የብስ የሚያሻግረን «ፑር ፓዲ» የተባለው ዘፈን ነው፤ በአልበሙ ውስጥ ከሁሉ የምወደውም እርሱን ነው። ፓዲ እንግሊዞች ለማንኛውም አይሪሽ ሠራተኛ የሚሰጡት የጅምላ ስም ነው። ዘፈኑ የባቡር ሐዲድ ቆፋሪዎች ዘፈን ሲሆን፣ መርከበኞችም ወስደው እንደ ሻንቲ ይጠቀሙበት ነበር፤ ቆፋሪውም መርከበኛውም ብዙ ጊዜ ከአንድ አገርና ከአንድ ድህነት የመጡ ሰዎች ስለነበሩ ዘፈኑ መሻገሩ አያስገርምም። አሠራሩ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ አንድ ዓመት ነው። በ1841 ሰውየው ኮርዶሮይ ሱሪውን ይለብስና ሐዲድ ሥራ ይገባል፤ በየዓመቱ ቦታ ይቀይራል፣ ቀጣሪ ይቀይራል፤ በአንዱ ዓመት አካፋውን በጉልበቱ ላይ ይሰብራል፣ በሌላው ሆዱ ባዶ፣ እጁ የተላጠ ሆኖ ሊቨርፑል ላይ ይወርዳል። በመካከል የሚመለሰው አዝማች የሱሪውን፣ የቁፋሮውን፣ የሥራውን ዓይነት ይደረድራል። በ1847 ስንኝ ላይ ደግሞ ምስኪኑ ፓዲ ወደ ሰማይ ቤት ስለመሄድ ያስባል።

እነዚህ ዓመታት ለቤት መምቻ የገቡ አይደሉም። በእንግሊዝ የባቡር ሐዲድ ግንባታ በአርባዎቹ ዓመታት ጣራ የነካ ሲሆን፣ በ1847 ገደማ በመላው ብሪታንያ ሩብ ሚሊዮን የሚሆኑ ቆፋሪዎች እንደነበሩ ይነገራል። ተራራ የሚቦረቦረው፣ ሸለቆ የሚሞላው በአካፋ፣ በዶማና በባሩድ ነበር። በአየርላንድ በኩል ደግሞ በ1845 የድንች ሰብል በበሽታ ተመታ፤ በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በወረርሽኝ አለቀ፣ ከዚያ የማያንስም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ከእነዚያ ዓመታት ሁሉ የከፋው 1847 ነበር። አይሪሽ አድማጭ ያንን ቁጥር ሲሰማ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ፖግስ ዘፈኑን የሚጀምሩት በዝግታ ነው፤ ከዚያ መሣሪያዎቹ ይገቡና ምቱ እየፈጠነ ይሄዳል፣ ዓመቶቹም አንዱ ሌላውን እየገፋ ይሮጣል። በዚህ ፍጥነት ውስጥ ሰውየው የሚያርፍበት ቦታ የለም፤ በፓንክ፣ ማለትም በፈጣኑና በጩኸታሙ የሮክ ሙዚቃ ዓይነት፣ ፍጥነት የተገኘው ትርፍ ከሁሉ በላይ የሚሰማኝ እዚህ ላይ ነው።

የደብሊኖቹ ዘፈኖች በሌላ መንገድ የሠራተኛ ዘፈኖች ናቸው። «ዋክሲስ ዳርግል» ስለ ጫማ ሠሪዎች ዓመታዊ ሽርሽር ነው። ሀብታሞቹ ወደ ዳርግል ወንዝ ዳር በሰረገላ ይሄዱ ነበር፤ ጫማ ሠሪዎቹ አቅማቸው እስከ ከተማዋ የባሕር ዳርቻ ብቻ ስለነበረ እዚያው ተሰብስበው ቦታውን የራሳቸው ዳርግል አሉት። በዘፈኑ ሁለት ሴቶች ይነጋገራሉ፤ አንዷ እንሂድ ስትል ሌላዋ ሳንቲም የለኝም ትላለች፣ በመያዣ የሚያበድረውም ሰው እንደከለከላት ትናገራለች። የድህነት ዝርዝር ሁሉ በሳቅ የተነገረ ነው። «ዚ ኦልድ ትራያንግል» ደግሞ በማውንትጆይ እስር ቤት ስለሚደወለው የብረት ሦስት ማዕዘን የሚያወራ፣ በ1954 ከቀረበ የብሬንዳን ቢሃን ተውኔት የታወቀ ዝግተኛ ዜማ ነው። የአልበሙ ርእስም ከሾን ኦኬሲ ተውኔት የተወሰደ ነው፤ ኦኬሲ ራሱ ለዓመታት የባቡር መሥሪያ ቤት የጉልበት ሠራተኛ የነበረ ሲሆን፣ በተውኔቱ ውስጥ ሠራተኞች አድማ የሚመቱት ለአንዲት ሽልንግ ጭማሪ ነው።

የማክጋዋን አዳዲስ ዘፈኖች ከእነዚህ አጠገብ ሲቀመጡ የሚታየው ልዩነት ያስደነግጣል። ማክጋዋን በ1957 በእንግሊዝ አገር በኬንት ክፍለ ግዛት ከአይሪሽ ወላጆች ተወልዶ በልጅነቱ በአየርላንድ በቲፐራሪ በቤተ ዘመድ መካከል ዘፈን ሲሰማ ያደገ፣ በኋላም በ1976 የጀመረውን የፓንክ ማዕበል በለንደን ከፊት ሰልፍ ሆኖ የኖረበት ሰው ነው። «ዳርክ ስትሪትስ ኦቭ ለንደን» በተባለው ዘፈኑ ተራኪው ኪሱ ባዶ ሆኖ በለንደን መንገዶች ይንከራተታል። አካፋ የለውም፣ ገመድ የለውም፣ የሚዘልፈው አለቃ እንኳ የለውም። ይህ የአንድ ገጣሚ ስሜት ብቻ አልነበረም። በ1984 በብሪታንያ ሥራ አጡ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ከማርች ጀምሮ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች ጉድጓዶቻቸው እንዳይዘጉ አድማ ላይ ነበሩ፣ አንድ ዓመት ታግለውም ተሸነፉ። በለንደን ያለ አይሪሽ ደግሞ በዚያ ላይ የአይሪሽ ታጣቂዎች (የአይ.አር.ኤ.) የቦምብ ጥቃት ዘመን ስለነበረ አነጋገሩ ብቻ ያስጠረጥረው ነበር። የሥራ ዘፈን ያወረሱት ሰዎች ልጆች ሥራ ባጡበት ዘመን የአባቶቻቸውን ዘፈን መጮኽ ሌላ ትርጉም ይይዛል፤ ገመዱ የለም፣ አብሮ መሳቡ ግን አዝማቹ ውስጥ ቀርቷል።

ፎክ የሚባለው የሕዝብ ባህላዊ ዘፈንና ፓንክ እንዴት ተጣጣሙ የሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚህ የራቀ አይደለም። የሥራ ዘፈን የተሠራው የሙዚቃ ችሎታ ለሌለው ሰው ነው፤ ዜማው ጠባብ፣ አዝማቹ በአንድ መስማት የሚያዝ መሆን አለበት፣ አለዚያ ሥራው ይቆማል። ፓንክም ተመሳሳይ ነገር ነው ያለው፦ መድረክ ለመውጣት ጥበበኛ መሆን አያስፈልግም። በአልበሙ ላይ አንድሩ ራንክን ድራሙን ቆሞ የሚመታው በሁለት ከበሮ ብቻ ነው፤ ስፓይደር ስቴሲ የቆርቆሮ ዋሽንት ይነፋል፣ መድረክ ላይም የቢራ ትሪ ጭንቅላቱ ላይ እያጋጨ ምት ያወጣ ነበር፤ ጄም ፋይነር ባንጆውን፣ ጄምስ ፈርንሊ አኮርዲዮኑን፣ ኬት ኦሪየርዳን ቤዙን ይዘዋል። የፓንክ መለያ የነበረው የኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸት ዋናውን ቦታ አልያዘም፤ ጩኸቱ የመጣው ከአያቶች መሣሪያ ነው።

ተቃውሞም አልጠፋም። አንዳንድ የአይሪሽ ባህላዊ ሙዚቃ አዋቂዎች ይህ ዜማን ማዋረድ ነው፣ አይሪሽን ሁሉ ሰካራም የሚያደርገውን የእንግሊዞች ሥዕል የሚያጠናክር ነው ብለዋል። ስለ ዜማው የተባለውን አልቀበለውም፤ ሻንቲም ሆነ የቆፋሪ ዘፈን ከወደብ ወደብ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እየተለወጠ የኖረ እንጂ በአንድ መልክ ተጠብቆ የመጣ አይደለም። ስለ መጠጡ የተባለው ግን ክብደት አለው። በአልበሙ ውስጥ መጠጥ በብዙ ዘፈን ይወደሳል፣ ማክጋዋንም በዚያው ሱስ ጤናውን አጥቶ፣ በ1991 ከባንዱ ተሰናብቶ፣ በኖቬምበር 2023 ደብሊን ውስጥ ዐረፈ። ዘፈኖቹን ለመውደድ ይህን መርሳት አያስፈልግም።

አልበሙን አዲስ ለሚሰማ ሰው የምመክረው ከሸክላው ሁለተኛ ገጽ እንዲጀምር ነው። ገጹን የሚከፍተው «ዳርክ ስትሪትስ ኦቭ ለንደን» ነው፤ አንድ ዘፈን አልፎ «ፑር ፓዲ» ይመጣል፣ ትንሽ ቆይቶም «ግሪንላንድ ዌል ፊሸሪስ»። በዚህ ቅደም ተከተል ሥራ የሌለው ሰው፣ ሥራ አድቅቆ የጨረሰው ሰውና ሥራ ላይ የሰጠሙት ሰዎች በአንድ ተቀምጦ መስማት ውስጥ ይገናኛሉ፤ የመጀመሪያው ገጽ ከዚያ በኋላ ቢሰማ፣ መጀመሪያ ሁካታ መስሎ የነበረው ሁሉ ቃል በቃል ይለያል።